«ግሱን ብቀይረውም መልሰው ላኩብኝ»፦ ለኮሌጅ ኮርስ የመማር ውጤት ስለ መጻፍ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ እንዳስተምር ተመደብኩ። ኮርስ አውትላይን አዘጋጅቼ ሳስገባ ‹የመማር ውጤቶችህ የሚለኩ አይደሉም› ተብሎ ተመለሰብኝ። ‹ተማሪዎች የስታቲስቲክስን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ይረዳሉ› የሚለውን ‹ያብራራሉ› ብዬ ቀየርኩት። እሱም ተመለሰ። በጠቅላላው 14 ውጤቶች ጽፌያለሁ። ግሶቹን የመረጥኩት ከኢንተርኔት ካወረድኩት ዝርዝር ነው። ስንት መሆን አለባቸው? ጥሩ የሚባለውስ ምን ዓይነት ነው? ደግሞስ እውነት ጥቅም አለው ወይስ ለይስሙላ ነው? ፋይናል ፈተናዬ ከ100 60 ይይዛል፤ ሁሉም ምርጫ ነው።»

የመማር ውጤት ማለት ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን መሥራት እንደሚችል የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አዎ፣ ብዙ ቦታ ለይስሙላ ነው የሚጻፈው። አውትላይኑ ይጸድቃል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እንዲህ ከሆነ ባይጻፍ ይሻላል። በደንብ ከተጻፈ ግን ሴሚስተሩን በሙሉ ሥራ ያቀልልዎታል። የትኛውን ርዕስ ልዝለል? የቱ ላይ ልቆይ? ምን ልፈትን? ለእነዚህ ሁሉ መልስ ያገኙበታል። የእርስዎ ችግር የመጣው ከግሱ አይደለም። ተማሪው ምን ሠርቶ እንደሚያሳይዎት ገና ሳይወስኑ ግስ መምረጥ ጀመሩ። ለዚህ ነው «ያብራራሉ» ያለው ዓረፍተ ነገር እንደ «ይረዳሉ» ሆኖ የተመለሰብዎት። ምኑን ነው የሚያብራሩት? ለማን? ምን ተሰጥቷቸው? ገምጋሚው ከዓረፍተ ነገሩ ይህን ማወቅ አልቻለም።

እንግዲህ የግሶቹን ዝርዝር ለጊዜው ይዝጉትና የፋይናል ፈተናዎን ያውጡ።

አውትላይኑ ላይ «መረጃን በጥልቀት ይተነትናሉ» ብለው ፈተናው ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ የማዕከላዊ ዝንባሌ መለኪያ ያልሆነው የቱ ነው?» ብለው ከጠየቁ፣ የኮርስዎ ትክክለኛ ውጤት ፈተናው ላይ ያለው ነው። ተማሪዎች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። አውትላይን የሚያነብ ተማሪ ጥቂት ነው፤ የአምና ፈተና የማይፈልግ ግን የለም። ሞኝነት እንዳይመስልዎት። መምህሩ ከልቡ የሚፈልገው ነገር የት እንደተጻፈ ስለገባቸው ነው።

ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን፣ ጥያቄውን በትክክል የመለሰ ተማሪ ምን መሥራት እንደሚችል በአንድ መስመር ይጻፉ። ርዕሱን አይጻፉ፤ ሥራውን ይጻፉ። «ቲ-ቴስት» (የአማካዮችን ልዩነት የሚፈትሽ ስሌት) ሳይሆን «ቀመር ተሰጥቶት ቲ ያሰላል» ይበሉ። ጥያቄዎቹን ሲጨርሱ ጎን ለጎን የሰፈሩትን መስመሮች ያንብቡ። የብዙ መምህራን ፈተና ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት መስመር ብቻ ነው የሚደጋገመው፦ ትርጉም ያስታውሳል፣ ቀመር ውስጥ ቁጥር ያስገባል፣ ስም ይለያል። «ተማሪዎቼ ከኮርሱ ሲወጡ የሚችሉት ይህን ብቻ ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልስዎ «ኧረ በፍጹም» ከሆነ፣ የጎደለው ነገር ነው ውጤት ሆኖ መጻፍ ያለበት።

አንድ ምሳሌ ከቅርብ እንይ። ፈተናው ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ እንበል፦ «የ25 ሰዎች ናሙና አማካይ 68፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 10 ነው። የአጠቃላዩ ሕዝብ አማካይ 64 ነው ብለን ብንነሳ ቲ ስንት ይሆናል?» 10ን ለ5 (ለ25 ስኩዌር ሩት) ማካፈል፣ 4ን ለ2 ማካፈል፣ መልሱ 2 ነው። ይህን ለመመለስ ቀመሩን ማወቅ ይበቃል። ስታቲስቲክስ የገባውና ያልገባው ተማሪ እኩል ነጥብ ያገኛሉ።

አሁን ይኸኑ ቁጥር ሳንለቅ ጥያቄውን እንቀይረው። ቲ 2 ሆነ። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (የናሙናው ብዛት ሲቀነስ 1) 24 ነው፤ በሁለት አቅጣጫ ሲታይ በ0.05 ደረጃ ኑል ሃይፖቴሲሱን፣ ማለትም «ልዩነት የለም» የሚለውን መነሻ ግምት፣ ለመጣል የሚያስፈልገው 2.064 ነው። ፒ-ቫሊዩው፣ ማለትም ልዩነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድሉ፣ 0.057 ገደማ ይሆናል። አንድ ባልደረባችሁ ሪፖርቱ ላይ «በናሙናውና በሕዝቡ መካከል ልዩነት እንደሌለ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሉ፤ ያስተካከላችሁበትንም ምክንያት በሁለት መስመር ጻፉ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። አንዱ ተማሪ «2 ከ1.96 ስለሚበልጥ ልዩነት አለ» ይላል፤ 1.96 ለትልልቅ ናሙና የሚሠራ ወሰን ነው፤ የናሙናውን ማነስ ረስቶታል። ሌላው «ባልደረባዬ ልክ ነው፣ ልዩነት የለም» ይላል፤ ማስረጃ አለመገኘቱንና አለመኖሩ መረጋገጡን አንድ አድርጎታል። ሦስተኛው «ልዩነት ላለመኖሩ ዕድሉ 5.7 ከመቶ ነው» ይላል፤ ፒ-ቫሊዩ ምን እንደሚለካ አልገባውም። አራተኛው ደግሞ «ይህ ናሙና ልዩነት አለ ለማለት በቂ ማስረጃ አልሰጠም፤ የለም ለማለትም አይበቃም» ይላል። በመጀመሪያው ጥያቄ አራቱም 2 ብለው ሙሉ ነጥብ ያገኙ ነበር።

ከዚህ ጥያቄ ተነስተው ውጤቱን ይጻፉ፦ «የሃይፖቴሲስ ቴስት ውጤት ሲሰጣቸው፣ ከውጤቱ ሊደረስበት የሚቻለውንና የማይቻለውን ድምዳሜ ለይተው፣ ስታቲስቲክስ ላልተማረ አንባቢ በጽሑፍ ያስረዳሉ።» ከ«ያብራራሉ» ጋር ያወዳድሩት። ግሱ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ማስረዳትና ማብራራት ብዙም አይራራቁም። ልዩነቱን ያመጣው ሌላው ነው። በእጃቸው ምን እንዳለ ይታወቃል። ምን ለይተው ማውጣት እንዳለባቸው ይታወቃል። ለማን እንደሚጽፉም ይታወቃል። ፈተናው ምን እንደሚመስል ከዓረፍተ ነገሩ መገመት ይቻላል። እኔ ውጤት ስገመግም የምጠቀመው ፈተና ይኸው ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ለአንድ ባልደረባ ሰጥቼ «ለዚህ የፈተና ጥያቄ አውጣ» ብለው እኔ ካሰብኩት ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ ያወጣል? ካላወጣ ውጤቱ ገና አልተጻፈም።

ስለ ግስ ዝርዝሩ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ከኢንተርኔት ያወረዱት ዝርዝር መነሻው በትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያው በቤንጃሚን ብሉምና በባልደረቦቹ ስም የሚታወቀው የ1956ቱ የትምህርት ዓላማዎች ምደባ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሐሳቡ ጅማሬ ደስ ይላል። በ1948 ቦስተን ላይ በተደረገ የሳይኮሎጂ ባለሙያዎች ጉባኤ የተገናኙ የኮሌጅ ፈታኞች ናቸው ያመነጩት። በየዓመቱ ፈተና ማውጣት አድክሟቸዋል። ጥያቄዎችን መለዋወጥ እንዲችሉ አንድ የጋራ መደርደሪያ ፈለጉ። ነገሩ ከመነሻውም የፈተና ወረቀት ጉዳይ ነበር ማለት ነው። የአውትላይን ማሳመሪያ የሆነው በኋላ ነው።

በ2001 አንደርሰን፣ ክራትዎልና ባልደረቦቻቸው ሲያሻሽሉት ሠንጠረዥ አደረጉት። በአንድ በኩል ስድስት የአእምሮ ሥራዎች አሉ፦ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መጠቀም፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር። በሌላው በኩል አራት የዕውቀት ዓይነቶች አሉ፦ ቁንጽል መረጃ፣ ጽንሰ ሐሳብ፣ የአሠራር ዕውቀት፣ ስለ ራስ አስተሳሰብ ማወቅ። ሰዉ የመጀመሪያውን አንጠልጥሎ ሁለተኛውን ተወው። «ይተነትናሉ» ብቻውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚተነተነው ነገር ነው ክብደቱን የሚወስነው።

ሌላው ስህተት ግሱ ራሱ ደረጃ ይዞ የሚዞር የሚመስለን ነገር ነው። «ያወዳድራሉ» ሲሉ ከፍ ያለ ይመስላል። ንጽጽሩ በስላይድ ቁጥር 12 ላይ በሠንጠረዥ ተቀምጦ ተማሪው እሱን ሸምድዶ ከጻፈ ግን ሥራው ማስታወስ ነው። በተቃራኒው «ይመርጣሉ» ቀላል ይመስላል። ተማሪው አይቶት የማያውቅ መረጃ ተሰጥቶት ከአራት ቴስቶች የሚስማማውን መምረጥ ካለበት ግን ራስ የሚያስይዝ ሥራ ነው። ደረጃውን የሚወስነው ሥራው ለተማሪው አዲስ መሆን አለመሆኑ ነው። ዝርዝሩ ይህን ሊነግርዎ አይችልም፤ ክፍል ውስጥ ምን እንዳስተማሩ አያውቅማ።

«ይረዳሉ» ለሚለውም ቃል ትንሽ ልከራከርለት። ኃጢአት አይደለም። የምናስተምረው እኮ እንዲረዱ ነው። ለራስዎ ማስታወሻ ሲጽፉ ይጠቀሙበት። ከዚያ «መረዳቱን በምን አውቃለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ አውትላይኑ ላይ የሚሰፍረው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በ1962 የትምህርት ዝግጅት ባለሙያው ሮበርት ሜገር የትምህርት ዓላማ ሦስት ነገር ይያዝ ብሎ ነበር፦ ተማሪው የሚያደርገው፣ የሚያደርግበት ሁኔታ፣ የሚጠበቅበት የጥራት ልክ። የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማል፤ «ሶፍትዌር ተጠቅመው» እና «በእጅ አስልተው» ሁለት የተለያዩ ኮርሶች ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ቆጠብ ይበሉ። «80 ከመቶ በትክክል ይተረጉማሉ» ማለት ምን ማለት ነው? ከአምስት ትርጓሜ አራቱን? ወይስ የእያንዳንዱን ትርጓሜ አራት አምስተኛ? እንዲህ ያለው ቁጥር ሳይንስ ይመስላል እንጂ ውሃ አያነሳም። የጥራት ልኩን የማረሚያ መስፈርቱ ላይ ያስፍሩት።

አሁን ወደ 14ቱ። ሳላያቸውም አንድ ነገር እገምታለሁ፦ የመጽሐፉ ምዕራፎች ርዕስ ላይ ግስ ተቀጥሎባቸው ነው 14 የሆኑት። «አማካይን ያሰላሉ፣ ሚዲያንን (መሐለኛውን ቁጥር) ያሰላሉ፣ ሞድን (በብዛት የሚደጋገመውን) ይለያሉ፣ የመረጃ ሥርጭትን ይገልጻሉ…» እነዚህ የመንገዱ ደረጃዎች ናቸው። ተማሪውን የት እንዲያደርሱት ነው? ጥቂት በጣም ትልልቅ ቁጥሮች የተቀላቀሉበት መረጃ ሲያጋጥመው አማካዩ እንደሚያሳስት አውቆ ሚዲያንን እንዲመርጥ፣ ለምን እንደመረጠም እንዲናገር ነው። እንግዲያው አራቱ ተጠቃለው አንድ ይሆናሉ፦ «ለተሰጣቸው ጥሬ መረጃ የሚስማማ ማጠቃለያ ቁጥርና ግራፍ መርጠው ያዘጋጃሉ፤ የምርጫቸውንም ምክንያት ያቀርባሉ።» አማካይ ማስላት አልጠፋም፤ እዚያው ውስጥ አለ። የሳምንታዊ ትምህርት ዕቅድዎ ላይ ዘርዝረው ይጻፉት።

ለአንድ ኮርስ ከአራት እስከ ስድስት ውጤት ይበቃል። ሕግ ሆኖ የተደነገገ ቁጥር አይደለም፤ ከሥራው የሚመጣ ነው። እያንዳንዱን ማስተማር፣ ማለማመድ፣ መመዘን አለብዎት። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የተማሪ የሥራ ሰዓት ይቆጠራል፤ ክፍል መግባትም፣ ቤት ማጥናትም፣ ለፈተና መዘጋጀትም ተደምሮ። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ነው። ለ14 ሲያካፍሉት ለአንዱ 10 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። በ10 ሰዓት ውስጥ ማንበብ፣ መለማመድ፣ መሳሳት፣ መታረም፣ እንደገና መሞከር፣ መፈተን! ለአምስት ሲያካፍሉት ግን ከ25 እስከ 30 ሰዓት ያገኛሉ። እዚህ ላይ ሰው ይማራል።

ሲቀንሱ ደግሞ በሌላ በኩል እንዳይወድቁ። «የስታቲስቲክስ ዘዴዎችን ይለያሉ፣ ይተገብራሉ፣ ይተነትናሉ እና ይገመግማሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ አራቱን ጠቅልዬ አንድ አደረግሁ ማለት አይደለም፤ አራት ተማሪ በአንድ ወንበር ማስቀመጥ ነው። መተግበር ችሎ መገምገም ያቃተው ተማሪ ውጤቱን አሟላ ወይስ አላሟላም? መልስ ከሌለው ይክፈሉት፤ ወይም የመጨረሻውን ብቻ ያስቀሩ። የሚገመግም ሰው ብዙውን ጊዜ መለየቱን አብሮ አሳይቷል።

ቀጥሎ የማነሳው ጥቂት ሰው የሚያየው ነገር ነው። ለእርስዎ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይመለከትዎታል። የመማር ውጤት የሚናገረው ስለ ጎበዙ ተማሪ አይደለም። ኮርሱን ለጥቂት ስላለፈው ተማሪ ነው። «ተማሪዎች ይህን ይሠራሉ» ብለው ሲፈርሙ፣ ማለፊያ ያገኘ ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል እያሉ ነው። ፋይናልዎ ከ100 60 ነው፤ ሁሉም ምርጫ ነው። ማለፊያው 50 ነው እንበል። አንድ ተማሪ ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ከምርጫው ብቻ 50 ሰብስቦ ሊያልፍ ይችላል። አውትላይኑ ግን «በጽሑፍ ያስረዳሉ» ይላል። ያ ዓረፍተ ነገር እሱን በተመለከተ ውሸት ሆነ።

መፍትሔው ምርጫን እርግፍ አድርጎ መተው አይደለም። መቶ ምናምን ተማሪ ያለው ሰው ምርጫ ተው ቢባል ማን ሊሰማ! ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ ምርጫውን ራሱ ማሻሻል። «ፒ-ቫሊዩ 0.057 ሆኗል፤ የወሰን ልኩ 0.05 ነው፤ ከሚከተሉት ድምዳሜዎች መረጃው የሚፈቅደው የቱ ነው?» ብለው፣ ቅድም ያየናቸውን አራት ተማሪዎች አባባል አማራጭ አድርገው ያስቀምጡ። ሦስቱ የተሳሳቱ አማራጮች ከተማሪ አፍ የወጡ ስህተቶች ስለሆኑ ያማልላሉ። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚሠራው በዚህ ነው፤ የመምህሩ ፈጠራ የሆነ የተሳሳተ አማራጭ ማንንም አያሳስትም። በዚህ መንገድ ትክክለኛውን ድምዳሜ መለየታቸውን መመዘን ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ መጻፋቸውን የሚመዝን አጭር ሥራ ከቀሪው 40 ውስጥ ማስገባት፤ እሱንም ሳይወጡ ማለፍ እንዳይቻል ማድረግ። ተቋምዎ እንዲህ ያለውን ደንብ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ካልፈቀደ የነጥቡን ድርሻ ከፍ ያድርጉት። ሥራው ረጅም መሆን የለበትም። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ መስፈርቱም ሦስት መስመር ነው። ድምዳሜው ከቁጥሩ አልፎ ሄዷል ወይስ አልሄደም? የናሙናው ውስንነት ተጠቅሷል? ስታቲስቲክስ የማያውቅ ሰው ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል? በዚህ መስፈርት አንዱን ወረቀት ቶሎ ያርሙታል።

የትምህርት ተመራማሪው ጆን ቢግስ በ1996 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ዋናው ሐሳቡ ውጤቱ፣ ማስተማሩና ምዘናው አንድ ሥራ ይሥሩ የሚል ነበር። ሁሉም ሰው ውጤቱንና ፈተናውን ያገጣጥማል፤ መሐል ያለው ይረሳል። ፈተናው ላይ «ለማያውቅ አንባቢ ጻፉ» ካሉ፣ ተማሪዎቹ ከፈተናው በፊት ጽፈው፣ ተሳስተው፣ ታርመው ማወቅ አለባቸው። ሴሚስተሩን በሙሉ እርስዎ ሰሌዳ ላይ ሲያሰሉ እነሱ ሲገለብጡ ከርመው ፋይናል ላይ ጻፉ ማለት ግፍ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ውጤቱ፣ ተማሪው ክፍል ውስጥ የሚለማመድበት ሥራ፣ የሚመዘንበት ሥራ። መሐለኛው ዓምድ ላይ «ሌክቸር» ብቻ ከተጻፈ እዚያ ጋ ቆም ይበሉ። ሌክቸር እርስዎ የሚሠሩት ነው።

ስለ «ዓላማ» እና «ውጤት» ልዩነት አልጠየቁኝም፤ ፎርሙ ላይ ግን ሁለቱም ሳጥን ሊኖር ስለሚችል በአንድ መስመር ልለፈው። ዓላማው ኮርሱ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይናገራል፤ ውጤቱ ተማሪው በመጨረሻ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። «ይህ ኮርስ ተማሪዎችን ከስታቲስቲክስ መሠረተ ሐሳቦች ጋር ያስተዋውቃል» የሚለው ዓላማ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ፎርሙ የፕሮግራሙን ውጤቶችም የሚጠይቅ ከሆነ የእርስዎ አምስት ውጤቶች ከየትኛው ጋር እንደሚገናኙ ቁጥሩን ብቻ ያመልክቱ። ሁሉንም ከሁሉም ጋር አያገናኙ። ሁሉም ሳጥን ላይ ምልክት ያለበት ሠንጠረዥ የሚነግረው ነገር የለም።

አስቸጋሪ የሚሆኑት «የሂስ አስተሳሰብ ያዳብራሉ»፣ «የሙያ ሥነ ምግባርን ያከብራሉ»፣ «የስታቲስቲክስን ጠቀሜታ ያደንቃሉ» የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ ሲሰጠው ይስተካከላል፤ በስታቲስቲክስ ውስጥ ሂስ ማለት የሌላ ሰው ሪፖርት ላይ ያልተደገፈ ድምዳሜ ማግኘት ነው፤ እንደዚያው ይጻፉት። ሁለተኛውም ወደ ሥራ ይወርዳል፤ ለምሳሌ ከትንተናው ያወጧቸውን መረጃዎችና ያወጡበትን ምክንያት ሪፖርታቸው ላይ በግልጽ ያሳያሉ ማለት ይቻላል። ሦስተኛውን ግን ይተዉት። አድናቆትን ነጥብ ከሰጡት የሚያገኙት ማስመሰልን ነው። ተስፋዎን የኮርስ መግለጫው ላይ ይጻፉ፤ እዚያ ማንም አይለካዎትም።

እንዲያውም ሁሉም ነገር ውጤት ሆኖ መጻፍ የለበትም። ኤሊየት አይስነር የሚባል የሥነ ጥበብ ትምህርት ሊቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ይህን ተከራክሯል። ተማሪውን አንድ ሁኔታ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ምን ይዞ እንደሚወጣ አስቀድመህ መናገር አትችልም፣ መናገርም የለብህም ይላል። በስታቲስቲክስ ኮርስም ቢሆን ተማሪዎች ራሳቸው የመረጡትን ጥያቄ በራሳቸው መረጃ የሚከታተሉበት አንድ ሥራ ቢኖር ደስ ይለኛል። ውጤቱን አስቀድመው አይጻፉ። አምስቱ ውጤቶች ማንም ከዚህ በታች እንዳይወርድ የተቀመጡ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ ይሂድ።

ለእርስዎ ኮርስ እኔ ብሆን የምነሳበት ረቂቅ ይህ ነው። እንዳለ አይገልብጡት፤ ተማሪዎችዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

1. የአንድን ጥናት የመረጃ አሰባሰብ አንብበው ግኝቱ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ ከነምክንያቱ ይናገራሉ።
2. ለተሰጣቸው ጥሬ መረጃ የሚስማማ ማጠቃለያ ቁጥርና ግራፍ መርጠው ያዘጋጃሉ፤ የምርጫቸውንም ምክንያት ያቀርባሉ።
3. ጥያቄና መረጃ ሲሰጣቸው ከተማሯቸው ቴስቶች የሚስማማውን መርጠው በሶፍትዌር ይሠራሉ፤ ቴስቱ የሚጠይቃቸው ሁኔታዎች መሟላታቸውንም ያረጋግጣሉ።
4. የሃይፖቴሲስ ቴስት ውጤት ሲሰጣቸው፣ ከውጤቱ ሊደረስበት የሚቻለውንና የማይቻለውን ድምዳሜ ለይተው፣ ስታቲስቲክስ ላልተማረ አንባቢ በጽሑፍ ያስረዳሉ።
5. አጭር ሪፖርት ወይም ዘገባ ውስጥ ያለ የስታቲስቲክስ ስህተት አግኝተው እርማቱን ይጽፋሉ።

«ፕሮባቢሊቲ የት ገባ?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ሦስተኛውና አራተኛው ውስጥ አለ፤ ያለ እሱ አይሠሩም። ርዕሱ በይዘት ዝርዝሩ ላይ ይታያል። ይዘት ሁሉ የራሱ ውጤት ይኑረው ከተባለ ተመልሰን 14 እንገባለን።

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ከማስገባትዎ በፊት ኮርሱን ላልወሰዱ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ያንብቡላቸው። ብዙ አውትላይን ላይ ያሉ ውጤቶች ኮርሱን ለጨረሰ ሰው ብቻ የሚገቡ ናቸው። የእኔ አራተኛም «የሃይፖቴሲስ ቴስት» የሚል ቃል አለው፤ ለጀማሪ እንቆቅልሽ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎች በሚታደለው ቅጂ ላይ ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ለምሳሌ ‹ልዩነት እንደሌለ ተረጋግጧል› የሚል ሪፖርት ሲያጋጥማችሁ ቁጥሮቹ ይህን ለማለት ይበቁ እንደሆነ ትወስናላችሁ።» ይህን ያነበበ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል።

አውትላይኑን ሦስተኛ ጊዜ ሲልኩ አምስቱን ውጤቶች ብቻቸውን አይላኩ። ሦስት ዓምድ ያለውን ገጽና ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ የናሙና ጥያቄ ያያይዙ። «የሚለካ አይደለም» ያለዎት ሰው መለኪያውን ጎን ለጎን ያየዋል። ከዚያ በኋላም ቅር ያለው ነገር ካለ የትኛው ጥያቄ የትኛውን ውጤት እንደማይለካ እንዲያመለክትዎት ይጠይቁት።